ፒካፔ፣ ተሳቢው ቤትና ዋንዳ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 27

ፒካፗን አጠብኩ። ከዚያ ሣር አጨድኩ። ብናኙ አርፎባት ሳይ እንደገና አጠብኳት። ሚስቴ ዋንዳ በኩሽናው መስኮት እያየችኝ ራሷን ነቀነቀች። ትነቅንቅ።

ጋራዥ ወስጄ በረጅም ባሌስትራና በትልልቅ ጎማ ከፍ ካስደረግኳት የብርዱ ወራት አልፈዋል። አሁንም ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው ውስጥ ቆማ ሳያት ልቤ ይሞቃል። ጎማዎቿ ወገቤ ጋ ይደርሳሉ። አጭር ሰው ነኝ... ለራሴ ስለምጽፍ ምን አፍራለሁ? ሚስቴ ራሷ በጣት ትበልጠኛለች። የእህቷ የማርቫ ባል ዴልበርት ደግሞ የመብራት ምሰሶ ነው፤ ሲያወራኝ አንገቴን ያመኛል። ፒካፗ ላይ ስወጣ ግን ዴልበርትን ከላይ ወደ ታች ነው የማየው። ራሰ በራ እየሆነ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ ላይ ሆኜ ነው።

ዋንዳ ለመውጣት የፕላስቲክ በርጩማ ያስፈልጋታል። ወገቧን ስለሚያማት። በርጩማው ላይ ገመድ አስራለች፤ ከተቀመጠች በኋላ ጎትታ ታስገባዋለች። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በርጩማው ተንሸራተተና ከኋላ በትከሻዬ ገፍቼ አስገባኋት። ፓስተሩ ፊቱን አዞረ።

ማታ ወሬው ሌላ ሆነ።

"ኤልድን፣ ዘንድሮ ሐይቁ ጋ ድንኳን ውስጥ አልተኛም።"

"ምነው?"

"ወገቤ ነዋ። ወይ አልጋ፣ ወይ ቤቴ።"

ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ ከነማርቫ ጋር እዚያ ሐይቅ እንሰፍራለን። ያለ ዋንዳ? አይሆንም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ተሳቢ ቤት ገዛሁ! ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሻወር አለው... ሻወሩ ውስጥ ለመዞር መጀመሪያ መውጣት ያስፈልጋል።

ዋንዳ ልታየው ገብታ አልወጣ አለች። ብገባ አልጋው ላይ ከነጫማዋ ተንጋልላ ብቻዋን ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው? ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

የሸጠልኝ ሽማግሌ ፒካፗን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አያት።

"በዚች ነው የምትጎትተው?"

"ምን ሆነች? ጉልበት አላት።"

"የጉልበቷ ነገር አይደለም የኔ ጌታ..." ብሎ ተወው። ቀንቶ ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ሽማግሌው አልቀናም።

ፒካፗ ከፍ ከማለቷ የተነሳ ተሳቢውን ስገጥምላት አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቀለ። ጭራው አስፋልት ይጠርጋል። ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተንከባሎ አልጋው ላይ ተሰበሰበ። ሄጄ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ማያያዣ ብረት ገዛሁ። ገጠምኩት። ተሳቢው ቀጥ አለ። እፎይ ልል ስል ደግሞ የፒካፗ ቂጥ ዝቅ አለ! ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ... ምግብ እንደምትለምን ውሻ ቁጭ አለች። ባሌስትራዋ ያን ያህል ክብደት አልለመደም።

ፎቶ አንስቼ ለሮይስ ልልክለት ነበር። ሮይስ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤት አብሮኝ የሚቀመጥ ወዳጄ ነው፤ ከወዳጅነቱ ምላሱ ይበልጣል። አየሁትና ሰረዝኩት። እንዲህ ሆና ሰው ፊት አትቀርብም።

ዓርብ፣ ሜይ 24

ነገ ጠዋት ወደ ሐይቁ። የወሩ ማብቂያ በዓል ነው፤ አገር ሁሉ ይወጣል።

መላው ተገኘ! ዋንዳ ገላዋን ስትታጠብ ከባድ ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ፊት አንስቼ ወደ ኋላ ወሰድኩት። ጄኔሬተሩን፣ የውኃ ጀሪካኖቹን፣ የባቄላ ጣሳውን፣ የዋንዳን የብረት መጥበሻዎች። ሁሉንም አልጋው ሥር። የተሳቢው አፍንጫ ቀለለላትና ፒካፗ ቀና አለች! ቂጧ ተነሳ፣ ግንባሯ ወረደ። ቆንጅዬ። ፎቶ አንስቼ ለሮይስ ላክሁለት። "አንበሳ!" አለኝ።

ይሄን ሁሉ ዓመት ጭንቅላቴን ምን ላይ እያባከንኩት ኖሬያለሁ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ሐይቁ ጋ ነኝ። ብቻዬን ተሳቢው ውስጥ። ምን ብዬ ልጀምር...

ከከተማ ስንወጣ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ዋንዳ በርጩማዋን ታቅፋ ታንጎራጉራለች። ሜዳው ጋ ስንደርስ ነፋስ። ምንም አይደል። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ቀድሞን ሲያልፍ ተሳቢው ወገቡን ወዘወዘ። አንዴ ወደ ግራ። አንዴ ወደ ቀኝ። ከዚያ አልቆም አለ። ጭራ ውሻን ሲቆላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? (ማንን ነው የምጠይቀው?) ፒካፗን እየጎተተ ከመስመር መስመር ያላጋን ጀመር።

"ኤልድን!"

"ያዝኩት!"

"ምኑን ያዝከው?! እሱ ነው የያዘህ!"

ዋንዳ መጸለይ ጀመረች። መሃሉ ላይ አንድ ስድብ ገባ፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ጸሎቷን ቀጠለች። እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። ሳቆም ዋንዳ በሩን ከፍታ ያለ በርጩማ ዘለለች። ወገቤን አላለች፣ ምን አላለች።

"ከእንግዲህ እዚህ መኪና ላይ ብወጣ ዋንዳ አትበሉኝ!"

ማርቫና ዴልበርት ከኋላችን በራሳቸው ትልቅ ፒካፕ ይመጡ ነበር። ቆሙ። ዋንዳ ቃል ሳትጨምር እነሱ ጋ ገባች።

"አይዞህ ጌታው፣ ነፋስ ነው" አለኝ ዴልበርት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

"ነፋስ ነው" አልኩ እኔም። ነፋስ ይሁን።

ይሄ ሳይበቃ ካምፑ። በበዓል ዋዜማ ሰው ታጣፊ ወንበሩን አውጥቶ፣ መጠጡን ይዞ፣ አዲስ የሚመጣው ሰው ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ያያል። የሐይቁ ቴሌቪዥን እሱ ነው። እኔና ዴልበርት ስንት ዓመት ከወንበራችን በጣታችን ማርክ ስንሰጥ ኖረናል! ዛሬ ተረኛው እኔ ሆንኩ። ብዙውን ጊዜ ባል ይነዳል፣ ሚስት ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራለች፤ ትዳር የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው። የኔዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላ አቅጣጫ ታያለች። ቀኝ ስል ግራ ይሄዳል። ግራ ስል ዛፍ። መጨረሻ ላይ የውኃ ቧንቧውን ገጨሁት፤ ውኃው ተፈናጥሮ የጎረቤቱን የጥብስ እሳት አጠፋ። ልጆች "ድገመው! ድገመው!" አሉ።

ዴልበርት ሁለት ጣት አነሳ። ከአስር።

ዋንዳ ዛሬ የምታድረው ማርቫ ጋ ነው። አልጋውን የገዛሁት ለማን ነበር?

ሰኞ፣ ሜይ 27

ወደ ቤት። ዋንዳ ከማርቫ ጋር፣ እኔ ብቻዬን። እንዳይወዛወዝብኝ እየዳኸሁ ነዳሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ለቀብር የወጣ ይመስል ነበር። ክላክሱ ግን የቀብር አይደለም።

ረቡዕ፣ ሜይ 29

ጉድ ፈላ።

ዋንዳ ተሳቢውን ልታጸዳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ለስላሳ ሲሆን ነው የምፈራው።

"ማሬ፣ መጥበሻዎቼን ፊት ለፊት ነበር ያስቀመጥኳቸው። አልጋ ሥር ምን ያደርጋሉ?"

"መንገድ ላይ... ተንሸራተው ይሆናል።"

"የመኝታውን በር ከፍተው፣ አልፈው፣ መልሰው ዘጉት? ጄኔሬተሩም ተንሸራቶ ነው? ኤልድን፣ እኔ የድንች ገበሬ ልጅ ነኝ። ጋሪ ከኋላ ከከበደ ጭራው እንደሚወዛወዝ የማያውቅ ልጅ አባታችን ቤት እራት አይበላም ነበር። ለምን ወደ ኋላ ወሰድከው?"

ሌላ ምክንያት ልፈጥር ነበር። እሷ ግን የሮይስን ሚስት ታውቃታለች፤ ፎቶውን አሳይታታለች።

"ለፎቶ? ፒካፕህ ቂጧ እንዳይወርድ ብለህ ልትገድለኝ ነበር?"

እውነት ነው። ሰው እንደሚጭን ሳይሆን እንደሚያምር ነው የጫንኩት።

ዕቃውን ሁሉ ራሷ ወደ ፊት መለሰችው፤ ላግዝሽ ብል እጇን አወናጨፈች። ከዚያ ቤት ገብታ ትራሷን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ፣ ሜይ 30

ዋንዳ ግቢያችን ውስጥ በቆመው ተሳቢ ቤት አደረች።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

አሁንም እዚያው ናት። መጋረጃ ሰቅላለች። በሩ ላይ የአበባ ማሰሮ አድርጋለች። ጎረቤቶች እየመጡ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይሏታል፤ እኔን በአጥር በኩል በሐዘን ያዩኛል።

ከሥራ ስመለስ ሄጄ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ኤልድን።"

"የትኛው ኤልድን?"

"ባልሽ ነኝ እባክሽ!"

"እግርህን ጥረግና ግባ።"

የፍራፍሬ ኬክ ሰጠችኝ። ስለ አየሩ ተጫወትን። ዝናብ እንደሚያስፈልግ ተስማማን። ስወጣ "ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ። በገዛ ግቢዬ! ኬኩ ግን ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛ ቁራሽ ለመጠየቅ አፈርኩ።

እሁድ፣ ጁን 9

ዛሬ የዋንዳን ፍርድ ሰማሁ።

"ቤቱን አይደለም የጠላሁት፤ እንዳየኸው ወድጄዋለሁ። የሚጎትተውን ነው። ለጁላይ አራት በዓል ሐይቁ ጋ እሄዳለሁ። ዴልበርት ይጎትትልኛል።"

"ዴልበርት?!"

"የሱ ፒካፕ መሬት ላይ ነው የሚሄደው።"

ዴልበርት! የኔን ተሳቢ! ሚስቴን ጎኑ አስቀምጦ! እኔ ደግሞ ከኋላ ብቻዬን በዚያች ከፍ ባለች ፒካፕ... ሁሉም ሰው ቀና ብሎ እያየኝ፣ እኔ ቁልቁል ማንንም ሳላይ። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ረቡዕ፣ ጁን 12

መላ ሞከርኩ። ዋንዳ ማርቫ ጋ ስትሄድ ተሳቢውን ዕቃው ፊት እንዳለ ገጥሜ ከከተማ ውጭ በእርሻዎቹ መሃል ነዳሁት። አይወዛወዝም። እሰይ! ግን ፒካፗ ቁጭ ብላለች። ሲመሽ መብራቷ አስፋልቱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያበራል፤ የተኙትን ወፎች ቀሰቀስኩ። ከፊት የሚመጣ ሁሉ ያብለጨልጭብኛል፣ ይሰድበኛል። ትንሿ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነ። የፊት ጎማው መሬቱን ነክቶ አይነካም። ያኔ ቀልቤ ተገፈፈ።

"ዋንዳ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ባዶ ወንበር።

አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ። ጎኔ ስላልነበረች ደስ አለኝ። እንደዚህ ማለት ያሳፍራል። ሚስቴ አጠገቤ ባለመኖሯ ደስ ያለኝ ቀን ይሄ የመጀመሪያው ነው... እሺ፣ የመጀመሪያው አይደለም። ግን በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ነው።

ዓርብ፣ ጁን 14

በተሳቢው መስኮት በኩል አወራን። እሷ ውስጥ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ውጭ ቆሜያለሁ። መስኮቱ ከኔ ከፍ ስለሚል የማየው አገጯን ብቻ ነው።

"ለምንድነው ከፍ ያስደረግካት? እውነቱን።"

"ታምራለቻ።"

"እውነቱን አልኩህ።"

"...አጭር ስለሆንኩ።"

መክተፏን አቆመች። ትስቃለች ብዬ ነበር።

"ኤልድን፣ ስንጋባ ተረከዝ የሌለው ጫማ ነበር ያደረግኩት። ታስታውሳለህ?"

"አላስታውስም።"

"እናቴ ተቆጣችኝ። ሙሽራ በነጠላ ጫማ ታገባለች እንዴ? አለች። ፎቶው ላይ እንዳልበልጥህ ብዬ ነው። አንተን ከፍ የማድረግ ሥራ ድሮ የኔ ነበር፤ ለጋራዥ ሰጠኸው።"

ከዚያ መክተፏን ቀጠለች። ዓይኔ ውኃ ሞላ። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ይሄን ያህል ዘመን እዚያ ተሰቅሎ እያለ የማየው የራሴን ክራባት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 22

ፒካፗ ወረደች።

ጋራዡ የድሮውን ባሌስትራና የድሮውን ጎማ መለሰላት። ሲያወርዷት ወደ ሌላ አየሁ። ባለጋራዡ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። አይደለሁም አልኩት፤ ግን ፍታው አልኩት።

ቁርስ ቤት ስደርስ ሮይስ በመስኮት አይቶኝ ኖሯል። ገና በሩን ስከፍት፦

"ኤልድን፣ ምን አገኛት? አብዝተህ ስታጥባት እንደ ሹራብ ተኮማተረች እንዴ?"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አስተናጋጇ ሳቋን በፎጣ ሸፈነች። እኔም እንቁላሌን በላሁ። ምን አደርጋለሁ? ከዚያ ሲስቁ ሲስቁ ደከማቸውና ስለ ድንቹ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ውርደት ይሄን ያህል አጭር እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከኔም ያጥራል።

ግቢ ስገባ ዋንዳ ከተሳቢው ወጣች። ፒካፗን ዞረቻት። በሩን ከፈተች፣ ገባች፣ ተቀመጠች። ከዚያ፦

"ሐይቁ ጋ ማነው የሚነዳው?"

"እኔ ነኛ።"

"አይ። አንተ ስትነዳ እኔ ሥራ የለኝም፤ መፍራት ብቻ ነው። እኔ ስነዳ ግን ሥራ ይኖረኛል። አንተ ፍራ።"

"ተሳቢ ጎትተሽ ታውቂያለሽ?"

"ድንች ጎትቻለሁ። ድንች አይጮህም ብቻ።"

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ደረስን። ሐይቁ ጋ ነን።

መንገዱን ሁሉ ዋንዳ ነዳች። ያ ነፋሻ ሜዳ ጋ የጭነት መኪና ሲቀድመን ዓይኔን ጨፈንኩ። ተሳቢው ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን "ቀስ በይ፣ ቀስ በይ" ስል ኖሬያለሁ። "ሌላ አንዴ ቀስ በይ ካልክ ማርቫ ጋ ነው የምትሄደው" አለችኝ። መፍራት እንደዚህ ከባድ ሥራ ነው ወይ? ስንት ዓመት ብቻዋን ሠራችው!

ካምፑ ስንገባ ሕዝቡ ወንበሩን ዘርግቶ ጠበቀን። የባለፈውን ያየ ሁሉ ተመልሷል። የጎረቤቱ ሰውዬ ጥብሱን በክዳን ሸፍኖ አራቀ። ዋንዳ የኋላ ማርሽ አስገባች። እኔ ከኋላ ቆሜ በእጄ ልመራት ሄድኩ። ግራ! ቀኝ! ቁሚ! እጄ እስኪገነጠል አወዛወዝኩ።

ፒካፗ አትንቀሳቀስም።

"ኤልድን!" ብላ ጮኸች በመስኮቱ። "የት ነህ?"

"እዚህ ነኝ!"

"የት?"

"ከኋላ! እያውለበለብኩልሽ!"

"ስፖኪዮ ውስጥ የለህም!"

ከቦታችን ጎን ያለው ቁጥቋጦ ግንባሬን አልፎ ሸፍኖኛል። የሚታያት እጄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቅጠል መስሏት። ወንበር ላይ ያሉት ሳቁን ለቀቁት። ፊቴ ጋለ። በዚህ ጊዜ ዴልበርት ከወንበሩ ተነሳ፤ ሲነሳ አያልቅም ሰውዬው። ቁጥቋጦው ደረቱ ጋ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፦

"ተወው አጅሬ፣ እኔ ልምራት። እኔ እታያታለሁ" አለ። ክፋት የለውም፤ እውነቱን ነው። ይታያታል። ጎን ዞር አልኩለት።

ዋንዳ ግማሽ አካሏን በመስኮቱ አወጣች።

"ዴልበርት! አንተን ማን ጠራህ? ዞር በልልኝ! ባሌን አምጡልኝ!"

ዴልበርት እኔን አየ፣ ቁጥቋጦውን አየ፣ ከዚያ ሄዶ ትልቁን የበረዶ ሳጥኑን ከነመጠጡ አንስቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ። እጁን ሰጠኝ። ወጣሁ። ከዚያ ላይ ሆኜ ሁሉን አየሁ፤ ሐይቁን፣ ሕዝቡን፣ የዴልበርትን መላጣ። አንዳቸውም ግድ አልሰጡኝም። ስፖኪዮው ውስጥ ያለውን የዋንዳን ዓይን ነበር የምፈልገው። አገኘሁት።

"አሁን አየሁህ!" አለች። "እዚያው ሁን!"

እዚያው ሆንኩ። ግራ አልኳት፣ ግራ ሄደች። ቁሚ አልኳት፣ ቆመች። አንዴ ተሳሳትን፣ ሁለቴ ተሰዳደብን፣ ገባች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማርቫ ሙሉ አስር ጣቷን አነሳች።

የዴልበርት የበረዶ ሳጥን ክዳኑ ተሰንጥቋል። ነገ አዲስ እገዛለታለሁ።